ከውጭ ግዙ

በወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ ከመካነ ሰላም ወዲያ ምድሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚያዘቀዝቅበት በወግዲ አገር፣ በሽተኛውን ይዞ ሐኪም ቤት የደረሰ ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚፈራት አንዲት ቃል አለች፤ እርሷም «ከውጭ ግዙ» የምትለዋ ናት። ሐኪሙ ደዌውን መርምሮ የመድኃኒቱን ስም በብጣሽ ወረቀት ከጻፈ በኋላ፣ ወረቀቷ በአስታማሚው እጅ ወደ መድኃኒት ማደያው መስኮት ትሄዳለች፤ ባለሙያውም ዘወር ብሎ መደርደሪያውን ካየ በኋላ ወረቀቷን መልሶ እያቀበለ ይህችን ቃል ይናገራል። «ውጭ» ሲል ከግቢው በር ፊት ለፊት ያለውን የግል መድኃኒት ቤት ማለቱ ነው፤ ከዚያ ከታጣ አቀስታን፣ ከአቀስታም ከታጣ ደሴን ማለቱ ነው። ነገሩን እስከ ሥሩ ለመረመረ ሰው ግን ይህች «ውጭ» ከደሴም አልፋ፣ ከቀይ ባሕርም ተሻግራ ትሄዳለች፤ ምክንያቱም መድኃኒቱን ማን ይሥራው፣ ማን አይሥራው፣ በስንት ይሸጥ የሚለውን የሚወስነው ሕግ የተጻፈው በዚያ ማዶ ነው። የዚህን ሕግ ታሪክ ከመነሻው ጀምሬ እንደ ዘመኑ ቅደም ተከተል ለመተረክ እሞክራለሁ።

በቀድሞው ዘመን በዚህ አገር ፈውስ በጸበልና በዕፅዋት ነበር። መድኃኒት ዐዋቂው ደብተራ የየሥሩንና የየቅጠሉን ኃይል በብራና ጽፎ፣ ስሙን እንኳ ሌላ ሰው እንዳይለየው አድርጎ ሰውሮ ያኖር ነበር፤ ዕውቀቱንም ለልጁ ወይም ለታመነ ደቀ መዝሙሩ ካልሆነ በቀር ለማንም አይገልጥም፤ አንዳንዱም ሳይገልጠው ከነምስጢሩ ይቀበራል። ፈረንጆች በበኩላቸው ይህን ምስጢር ከመቃብር ለማዳን ሌላ ብልሃት አበጁ፤ ይኸውም የፈጠራው ባለቤት ጥበቡን በጽሑፍ ለሕዝብ እንዲገልጥ፣ በለውጡም ለተወሰነ ዘመን እርሱ ብቻ እንዲሠራውና እንዲሸጠው መንግሥት ሥልጣን እንዲሰጠው ነው። ይህንም ፓተንት አሉት፤ ቃሉ ከላቲን የመጣ ሆኖ ትርጓሜው የተገለጠ፣ የተከፈተ ማለት ነው። በሐሳብ ደረጃ ከደብተራው ልማድ የሚሻል መሆኑን አልክድም፤ መከራው የሚመጣው የተወሰነው ዘመን ሲረዝምና ዋጋው ድኻው ከማይደርስበት ሲሰቀል ነው።

የእኛ ዕፅዋት ግን ባለቤታቸው ሳይጠየቅ ባሕር መሻገር የጀመሩት ከብዙ ዘመን በፊት ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በቁስጥንጥንያ ይኖር የነበረ ብራዬር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም የኮሶን ፈዋሽነት ተረድቶ ለአውሮፓ አስታወቀ፤ ሊቃውንቱም ዛፉን በእርሱ ስም ብራዬራ ብለው ሰየሙት፤ ኮሶም ቆይቶ በእንግሊዝ ይፋ የመድኃኒት መጽሐፍ ውስጥ ገባ። ከጥንት ጀምሮ ኮሶውን በየጊዜው እየጠጣ ትሉን ሲያስወጣ የኖረው ደገኛ ስለዚህ ሹመት የሰማው ነገር አልነበረም።

ዘመናዊው ሕክምና ከዐድዋ ድል በኋላ ከመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ጓድ ጀምሮ በአዲስ አበባ ሥር ሲሰድ፣ ወደ ቦረናና ወደ ወግዲ የደረሰው እጅግ ዘግይቶ ነው፤ ለዚህም ብዙ የሚተረክ የለም። በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መባቻ ግን በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ሳይቀር ንዳድ እንደ እሳት ተዛምቶ 150,000 ያህል ነፍስ መፍጀቱ ተገምቷል። በዚያ ዘመን የንዳድ መድኃኒት ክሎሮኪን ነበር፤ በጀርመን አገር በባየር ኩባንያ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1934 የተሠራ ሲሆን፣ ኋላ በብዙ አገር የሚቀመምና ርካሽ ሆኖ ነበርና፣ ያን ጊዜ ሰው የሞተው በመድኃኒቱ ባለቤት ምክንያት ሳይሆን መድኃኒቱ በጊዜው ከሰው ስላልደረሰ ነው። ይህን የምናገረው ሕግ ብቻውን ሰው እንደማያድን አስቀድሞ እንዲታወቅልኝ ነው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት በአገራችን ሁለት መልካም ነገሮች ተከታትለው ታዩ። አንደኛው፣ እ.ኤ.አ. በ1964 መንግሥት ከአንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ጋር በሽርክና የመድኃኒት ፋብሪካ በአዲስ አበባ ማቋቋሙ ነው፤ ይህ ፋብሪካ በኋላ በደርግ ዘመን ተወርሶ ለረጅም ጊዜ የአገሪቱ ዋነኛ መድኃኒት ሠሪ ሆኖ ኖሯል። ሁለተኛው በዚያው ዓመት ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ አጠገብ ያዩት ነገር ነው። ሴቶች ከወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከእነርሱ በታች ባለው ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲንሳፈፉ ተመለከቱ፤ እነዚህ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዝያን ተባይ የሚያሳድሩ ናቸውና፣ እንዶድ ለድኻ አገር ርካሽ መከላከያ ሊሆን እንደሚችል በምርምር አስረዱ። ለዚህም ሥራቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 በስዊድን የሚሰጠውን ዝነኛ ሽልማት ተቀበሉ። ሆኖም ብዙ ዓመት ሳይቆይ በአሜሪካ የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን በታላላቆቹ ሐይቆች የውሃ ቱቦ የሚደፍነውን ዛጎል ለበስ እንስሳ ለመግደል በማዋሉ ፓተንት አወጣበት። የወግዲ እናቶች ሸማቸውን ሲያነጡበት የኖሩት ተክል በሌላ ሰው መዝገብ ተጻፈ ማለት ነው። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1997 እስካረፉ ድረስ በሽታውን ለማጥፋት የተመኙት መንገድ በተመኙት ልክ አልተስፋፋም።

አሁን ወደ ሕንድ እንሻገር፤ ምክንያቱም የወግዲ በሽተኛ ዕድል በብዙ መንገድ የተወሰነው በዚያ ነው። የሕንድ መንግሥት ከእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የወረሰው የፓተንት ሕግ መድኃኒቱን እጅግ ውድ አድርጎት ስለ ነበር፣ ዳኛ ራጃጎፓላ አያንጋር የተባሉ ሊቅ ነገሩን መርምረው እ.ኤ.አ. በ1959 መግለጫ አቀረቡ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1970 ምክር ቤቱ ያወጣው ሕግ ከሁለት ዓመት በኋላ በሥራ ላይ ሲውል፣ ለመድኃኒትና ለምግብ የሚሰጠው ፓተንት የአሠራሩን ዘዴ ብቻ የሚጠብቅ፣ ዕድሜውም ከሰባት ዓመት የማያልፍ ሆነ። መድኃኒቱን ራሱን ማንም የግሉ ሊያደርገው አልቻለም። በሌላ ዘዴ የሚሠራው ሕንዳዊ ቀማሚ የሚከለክለው ስላጣ፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያች አገር ለድኻው ዓለም ሁሉ መድኃኒት ቤት ሆነች። በመካከሉ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1977 የመጀመሪያውን የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አወጣ፤ አንድ አገር ከሺሁ መድኃኒት የትኞቹን አስቀድሞ ለሕዝቡ ማዳረስ እንዳለበት የሚናገር ዝርዝር ነው።

የተገላቢጦሽ ጉዞው የጀመረው ታኅሣሥ 23 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት የመጀመሪያ ቀን፣ በእኛ በወርኃዊው የጊዮርጊስ ዕለት፣ የዓለም የንግድ ድርጅት ተመሠረተ፤ ከእርሱም ጋር ትሪፕስ በመባል የሚታወቀው የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት ጸና። አባል የሆነ አገር ሁሉ ለመድኃኒትም ሳይቀር ፓተንት እንዲሰጥ፣ ዕድሜውም ከ20 ዓመት እንዳያንስ ታዘዘ። ያቺን ቀን አንባቢዬ በልቡ እንዲይዛት እለምናለሁ፤ ደጋግማ ትመጣለችና።

ኢትዮጵያ የዚያ ድርጅት አባል አልነበረችም፤ እስካሁንም ድርድር ላይ ናት። ነገር ግን በዚያው ዓመት፣ ግንቦት 2 ቀን 1987 ዓ.ም.፣ ስለ ፈጠራ፣ አነስተኛ ፈጠራና ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 ታወጀ። የሚያስገድደን ማንም ሳይኖር ያወጣነው ሕግ ነውና ምን እንደያዘ ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። የፓተንቱ ዕድሜ 15 ዓመት ሲሆን፣ ፈጠራው በኢትዮጵያ ውስጥ በትክክል እየተሠራበት መሆኑ ከተረጋገጠ አምስት ዓመት ይጨመርለታል። የሕክምናን ዘዴ፣ የቀዶ ጥገናን ጥበብ ማንም የግሉ ሊያደርገው አይችልም ይላል፤ ለሕክምናው የሚያገለግለውን ነገር፣ ማለት መድኃኒቱን፣ ግን ከዚህ ክልከላ ነጻ ያወጣዋል። ስለዚህ ሐኪሙ የሚያክምበት እጅ የጋራ ሲሆን በእጁ ያለችው እንክብል የሰው ልትሆን ትችላለች። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1970 የዘጋችውን በር እኛ ማንም ሳያንኳኳ ከፈትነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ቢሆንም የአዋጁ ጸሐፊዎች አንድ መልካም ዐረፍተ ነገር አኑረውልናል፤ የሕዝብ ጥቅም፣ በተለይም የአገር ደኅንነት፣ የምግብና የጤና ጉዳይ ሲያስገድድ፣ ባለፓተንቱ ባይፈቅድም እንኳ ተገቢው ካሣ ተከፍሎት ሌላ ሰው እንዲሠራው ሊታዘዝ ይችላል። ይህች ዐረፍተ ነገር ምን ያህል ክብደት እንዳላት ሰው የተረዳው የኤድስ መድኃኒት በመጣ ጊዜ ነው።

በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ የነበረውን የለቅሶ ዘመን ሁላችንም እናስታውሰዋለን። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መግቢያ የሕይወት ማቆያው መድኃኒት በአውሮፓና በአሜሪካ ሰውን ከአልጋ እያነሣ ሳለ፣ ለአንድ ሰው የአንድ ዓመት ዋጋው ከ10,000 እስከ 15,000 ዶላር ነበር። ከአዝመራው በቀር ገቢ ለሌለው ለወግዲ ገበሬ ይህ ቁጥር እንደ ሰማይ ከዋክብት ያለ ነገር ነው። በ1993 ዓ.ም. አጋማሽ ሲፕላ የተባለው የሕንድ ኩባንያ ባለቤት ዩሱፍ ሐሚድ ያንኑ የሦስት መድኃኒት ጥምር በዓመት 350 ዶላር አቀርባለሁ ብለው በተናገሩ ጊዜ ግን ዓለም ደነገጠ፤ ሰው ሁሉ እንግዲያማ እስከ ዛሬ የከፈልነው የምን ዋጋ ነበር ብሎ ጠየቀ። በዚያው ወራት በደቡብ አፍሪካ 39 የመድኃኒት ኩባንያዎች የኔልሰን ማንዴላ መንግሥት በ1997 እ.ኤ.አ. ርካሽ መድኃኒት ከውጭ ለማስገባት ያወጣውን ሕግ በመቃወም ፍርድ ቤት ቆመው ነበር። ሕሙማኑ ራሳቸው ከፍርድ ቤቱ ደጅ ተሰልፈው ጮኹ፤ ዓለምም ከእነርሱ ጋር ጮኸ፤ ኩባንያዎቹም ሚያዝያ 11 ቀን 1993 ዓ.ም. ክሳቸውን አንሥተው ወጡ። ከሰባት ወር በኋላ፣ ኅዳር 5 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ የዓለም የንግድ ሚኒስትሮች በዶሃ ተሰብስበው ትሪፕስ አገሮች የሕዝባቸውን ጤና ከመጠበቅ ሊያግዳቸው እንደማይገባ በይፋ ተናገሩ፤ እጅግ ድኾች የሆኑ አባል አገሮችም እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ለመድኃኒት ፓተንት እንዳይገደዱ ፈቀዱ።

መንግሥታችን በ1994 ዓ.ም. መጨረሻ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ፖሊሲ አወጣ፤ በ1995 ዓ.ም. መድኃኒቱ ለሚከፍል ሰው ይሰጥ ጀመር፤ ከጥር 1997 ዓ.ም. ጀምሮም በነጻ ታደለ። ሕዝቡ «የዕድሜ ማራዘሚያ» አለው፤ ከዚህ የተሻለ ስም የትኛውም ሊቅ ባላወጣለት ነበር። አንዳንዱ ምእመን መድኃኒቱን መዋጥ በጸበል አለማመን ነው ብሎ ሲያቋርጥ፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ አስተማሩ፤ ይህም ቃላቸው ብዙ ነፍስ እንዳዳነ እኔ አልጠራጠርም።

የዚህን መድኃኒት አንድ ብልቃጥ በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። ነጭ ላስቲክ ነው፤ ክዳኑ ሕፃን እንዳይከፍተው ተጭነው ካልጠመዘዙት አይላቀቅም፤ ውስጡ እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት ከእንክብሎቹ ጋር ተቀምጣለች። ባለቤቲቱ ጎረቤት አይቶ እንዳይለያት ወረቀቱን በጥፍሯ ፍቃ ፍቃ ጨርሳው ነበር፤ ከታች ጥግ ላይ ያልተፋቀች አንዲት ቁራጭ ቀርታለች፤ በእርሷም ላይ ሃይደራባድ የሚል ይነበብ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ስለ ዳኛ አያንጋር የማውቀው ነገር አልነበረም፤ ዛሬ ሳስበው ግን የዚያች ሴት ሕይወት የተንጠለጠለው በዚያች ቁራጭ ወረቀት ላይ በተጻፈው ከተማና ከተማይቱን መድኃኒት ቀማሚ ባደረጋት እ.ኤ.አ. የ1970 የሕንድ ሕግ ላይ ነበር።

ግና በኢትዮጵያ መድኃኒቱ በነጻ መታደል በጀመረበት በዚያው ሰሞን፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ሕንድ የትሪፕስ የእፎይታ ጊዜዋ አልቆ ለመድኃኒት ፓተንት መስጠት ግዴታ ሆነባት። የታገሉ ዜጎችዋ ግን በሕጉ ውስጥ አንቀጽ 3 ንዑስ አንቀጽ «መ» ብለን ልንጠራው የምንችለውን አጥር አስገቡበት፤ ይኸውም የታወቀን መድኃኒት ጥቂት ለውጦ ፈዋሽነቱን ሳይጨምር አዲስ ነው ማለት እንደማይቻል የሚደነግግ ነው። ኖቫርቲስ የተባለው የስዊስ ኩባንያ ለደም ካንሰር መድኃኒቱ ለግሊቬክ ፓተንት ሲጠይቅ በዚህ አጥር ተደናቀፈ፤ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም መጋቢት 23 ቀን 2005 ዓ.ም. ፈረደበት። ለሚዛን ያህል ልናገርና፣ ይኸው ኩባንያ ያንኑ መድኃኒት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለሚታከሙ ኢትዮጵያውያን ሕሙማን በነጻ ሲሰጥ ነበር፤ ዓባይ ዳር ያለው ቆለኛ ለንዳድ የሚውጠውን ኮአርተምንም እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ያለ ትርፍ ለመሸጥ ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ተስማምቶ ነበር። የኮአርተም አንዱ ሥር የሆነውን አርቴሚሲኒንን ቻይናዊቷ ሊቅ ቱ ዩዩ ባገኙት ዘመን ቻይና የፓተንት ሕግ እንኳ አልነበራትም፤ ፓተንቱ የመጣው ሁለቱ መድኃኒቶች በአንድነት በተቀመሙ ጊዜ ነው። የሰጪውን ልግስና አመሰግናለሁ። ምጽዋት ግን በሰጪው ፈቃድ ይጀምራል፣ በሰጪው ፈቃድም ያልቃል፤ በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ባገደ ጊዜ፣ የዕድሜ ማራዘሚያውን የሚወስድ ሰው ሁሉ ይህን በአንድ ሌሊት ተማረ።

የሕጉ ነገር በበኩሉ ወደ ፊት ሄደ። ጥቅምት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. በጄኔቫ በተደረገ ውሳኔ፣ እጅግ ድኾች የሆኑ አባል አገሮች ለመድኃኒት ፓተንት እንዳይገደዱ የተሰጠው ጊዜ እስከ 2033 እ.ኤ.አ. ተራዘመ። በባለፓተንቶች ፈቃድ የሚሠራ የጋራ ቋትም ተቋቁሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ዶሉቴግራቪር የተባለው አዲሱ መድኃኒት ፈቃድ ገብቶበታል፤ በዚህም ምክንያት በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጠው የሦስት መድኃኒት ጥምር በ2017 እ.ኤ.አ. በተደረሰ ስምምነት ለአንድ ሰው በዓመት 75 ዶላር ያህል ሆነ። ከ15,000 ወደ 75 መውረድ ማለት ነው። መንግሥታችንም በ2007 ዓ.ም. መድኃኒት በአገር ውስጥ እንዲመረት የአሥር ዓመት ስትራቴጂ አወጣ፤ በቂሊንጦም ለመድኃኒት ፋብሪካዎች የሚሆን የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራ። በወሎ ከተሁለደሬ ጀምሮ በየወረዳው የተስፋፋው የማኅበረሰብ ጤና መድንም ገበሬውን ከሕክምና ዕዳ በመጠኑ ጠበቀው። ከኤድስና ከንዳድ ውጭ ላሉት በሽታዎች ግን፣ ማለት ለካንሰሩ፣ ለስኳሩ፣ ለልቡ፣ በመስኮቱ በኩል የምትሰማው ቃል ያችው የጥንቷ ናት።

ኢትዮጵያ የዓለም የንግድ ድርጅት አባል ለመሆን የጠየቀችው በጥር 1995 ዓ.ም. ሲሆን፣ ድርድሩ ለብዙ ዓመት ተኝቶ ከቆየ በኋላ ተነቃቅቶ ወደ ፍጻሜው እየተቃረበ ነው ይባላል። በዚህ ጊዜ ከእኛ የቀደመችውን የካምቦዲያን ታሪክ ማስታወስ ግድ ይላል። ካምቦዲያ እ.ኤ.አ. በ2004 አባል ስትሆን ከእጅግ ድኾቹ አገሮች አንዷ ነበረችና፣ በዶሃው ውሳኔ መሠረት በመድኃኒት ፓተንት ረገድ እስከ 2016 እ.ኤ.አ. መቆየት ይገባት ነበር። በድርድር ጠረጴዛው ላይ ግን የትሪፕስን ግዴታ ከታኅሣሥ 23 ቀን 1999 ዓ.ም. ጀምሮ እንድትፈጽም ቃል አስገቧት። ተደራዳሪዎቿን ምናልባት ይህች ቀን ማንን እንደምትነካ የነገራቸው አልነበረም።

የእኛዎቹ ግን እንግዲህ ተነግሯቸዋል። በ1987ቱ አዋጅ ውስጥ ያለችው የጤና ዐረፍተ ነገር አትነካ፤ ይልቁንም አዋጁ ሲታደስ አሠራሯ በግልጽ ተጽፎ፣ ለመድኃኒት የሚሰጠውም ፓተንት በሕንዱ ዓይነት አጥር ይከበብ። እጅግ ድኾች ለሆኑ አገሮች የተፈቀደው የመጨረሻው ቀን ታኅሣሥ 23 ቀን 2025 ዓ.ም. ነው፤ የጊዮርጊስ ዕለት ነው። በድርድሩ ሰነድ ላይ ከዚያ ቀን የሚቀድም ሌላ ቀን እንዳይጻፍብን።